አያስቸግርም እኮ!

የሰፈራችን የቡና ላይ ስፔሻሊስቶች ይመስገኑ። ካርድ አያስወጡ፣ ወረፋ አያስይዙ፣ ደም አይቀዱ። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይቀዳ የልጁን በሽታ ለይተው ይጨርሳሉ፤ በሽታውም ሁልጊዜ «ምንም» ነው።

አራስ ጥየቃ ይገባሉ። ሕፃኑ ጡት እንደጎረሰ እንቅልፍ ይጥለዋል፤ ቢቀሰቅሱትም አይጠባ። «ስታድል! አያስቸግርም እኮ!» ትባላለች እናቲቱ። ቢጫነቱ በሦስተኛው ሳምንትም አልለቅ ሲል «ፀሐይ አሙቂው»። ሆዱ ሲደርቅ፣ እምብርቱ ሲነፋ፣ ምላሱ ወፍሮ ከአፉ ብቅ ሲል «እያደር ይስተካከላል»። ልቅሶው ሲጎረንን ደግሞ «ይሄማ ቁርጥ አያቱን!» አያትየው ሲጎረንኑ ግን አንገታቸው ላይ ያለው፣ የእድገት ሆድቃ የሆነውን ሆርሞን የሚያመነጨው ታይሮይድ ዕጢያቸው ይሠራ ነበር።

ከ2,000 እስከ 4,000 ከሚወለዱ ሕፃናት አንዱ ይህ ዕጢ በቂ ሆርሞን ሳያመነጭለት ይወለዳል። ሐኪሞች እዚህ ላይ ችኩሎች ናቸው፤ ከተረከዙ ጥቂት ጠብታ ደም ወስደን፣ የጎደለውን ሆርሞን የሚተካውን ኪኒን በ2 ሳምንት ውስጥ እንጀምርለት፣ አእምሮው ጊዜ አይሰጥም ይላሉ። የእኛዎቹ ግን ሥርዓት ያውቃሉ። ክርስትና ሳይነሣ ልጅ ከቤት አይወጣም፤ ወንዱ 40 ቀን፣ ሴቷ 80።

ልጁ ከፍ ሲል (ማለቴ ከፍ ሳይል ሲቀር) ሙገሳው ይብሳል። «ዩኒፎርሙ ለሦስተኛ ዓመት ልክክ አለለት፣ በዚህ ኑሮ!» ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ከመሐል ተነሥቶ ፊት ደርሷል፤ ይህም እድገት ነው። ጤነኛ ልጅ ከ4 ዓመቱ እስከ ጉርምስና በዓመት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይመዘዛል፤ ይህን ብሎ ግድግዳ ላይ በእርሳስ ምልክት የሚያደርግ አባት ሟርተኛ ነው። በጠራራ ፀሐይ ሹራብ የማያወልቀው «ብርድ አይችልም»፣ ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋው «ሰነፍ ነው»፣ ቆዳው የሻከረው «ቅባት አንሶት ነው»።

ዕጢው ከልክ በላይ ሲሠራም አይቸገሩም። እየበላች የምትከሳዋ ልጅ ወስፋት አለባት። እጇ ሲንቀጠቀጥ፣ ልቧ ሲደልቅ ፈሪ ናት። ዓይኗ ፈጠጥ ሲል «ዓይንስ እንዲህ ነው!» አንገቷ ላይ ያበጠው እንቅርትስ? ድሎት ነዋ።

በቀደም አንዲት እናት ልጇን የታይሮይድ ምርመራ ልታስደርገው ነው ሲባል ስፔሻሊስቶቹ ፊታቸውን አጠቆሩ። «ይህን ለጋ ልጅ በመርፌ?» እንጥሉን ያስቆረጡት እነሱ ናቸው።