ቸርኬ በትኩሱ አይታጠብም

"ከመንገድ እንደገባህ ቸርኬው ትኩስ እያለ እጠበው፣ ቆሻሻው ቶሎ ይለቃል" የሚለውን ምክር ብዙ ሰው ያምነዋል፣ ግን ልክ አይደለም። ሙቀቱ ማጽጃውን ሥራውን ሳይሠራ ያደርቀውና ሌላ እድፍ ይተውልሃል። ደግሞ ቸርኬው ላይ የሚታየው ጥቁር ነገር ተራ አቧራ አይደለም፤ ከፍሬን ሸራውና ከዲስኩ ተፍቆ የሚወጣ፣ ውስጡ ብረት ያለበት ብናኝ ስለሆነ ቀለሙ ላይ ይጣበቅና እርጥበት ሲያገኝ ይዝጋል፣ በሳሙና ብቻ አልለቅ የሚለውም ለዚህ ነው። መጀመሪያ ይቀዝቅዝ። ከዚያ ውሃ ልቀቅበትና የብረት ብናኝ የሚያሟሟ፣ አሲድ የሌለው የቸርኬ ማጽጃ ርጭበት፤ ብረቱን ሲያገኝ ቀለሙ ወደ ወይን ጠጅ ይቀየራል፣ አትደንግጥ። ሳይደርቅ በለስላሳ ብሩሽ አሽተህ በደንብ አለቅልቀው። የድስት መፈተጊያ ሽቦ ግን በጭራሽ! ቆሻሻውን ከነቀለሙ ነው የሚያነሳልህ።