ከንፈር የማይመጥ አሠልጣኝ

ስለ ስደተኛ ልጅና ስለ እግር ኳስ የሚጻፈውን ደጋግሜ አነባለሁ። አብሮት የሚወጣውን ፎቶ ሳላየው አውቀዋለሁ፤ ከልጁ የሰፋ ማሊያ፣ አቧራ የጠገበ ኳስ፣ እስከ ጆሮ የደረሰ ፈገግታ። ከሥሩ «እግር ኳስ ቋንቋ አያስፈልገውም» የሚል ዓረፍተ ነገር አይጠፋም። ይህን የጻፈ ሰው የታዳጊዎች ግጥሚያ ዳር ቆሞ ጆሮውን የሰጠ አይመስለኝም። ሜዳው ከጫፍ እስከ ጫፍ ጩኸት ነው። «ሰው መጣብህ!» «ልቀቀው!» «ተመለስ!» «ያንተ ነው!» ትምህርት ቤት ውስጥ ወራት ሙሉ «ይህ እርሳስ ነው» ሲያስብሉት የከረመ አዲስ ልጅ «ሰው መጣብህ» የሚለውን በአንድ ከሰዓት በኋላ ይማረዋል። ካልተማረው ኳሱን ይነጠቃል፤ ቁርጭምጭሚቱም አይተርፍም። እግር ኳስማ ቋንቋ በደንብ ያስፈልገዋል። ደግነቱ ቋንቋው አጭር ነው፤ የሚነገረውም በቀጥታ ለእሱ ነው። አንዷ ጩኸት ሁልጊዜ ትገርመኛለች፤ «ብቻህን ነህ!» ትላለች። ሜዳ ውስጥ ትርጉሟ «ማንም አልደረሰብህም፣ ተረጋጋ፣ ቀና ብለህ እይ» ነው። ያ ልጅ ግን ይህችን ቃል ከሜዳ ውጭ በሌላ ትርጉሟ ነው የሚያውቃት።

ለዚህ ልጅ ከኳሱ የሚበልጥበት፣ ፎቶ አንሺ የማይመለከተው አንድ ነገር አለ፤ አሠልጣኙ በብብቱ ይዞት የሚዞረው የስም መቆጣጠሪያ ወረቀት።

ስደት ከሩቅ ሲያዩት መሮጥ ይመስላል። ከውስጡ ግን አብዛኛው መጠበቅ ነው። ለምዝገባ ይጠበቃል፣ ለቃለ መጠይቅ ይጠበቃል፣ ለመልሱ ይጠበቃል። መልሱ የመጣ ጊዜ ደግሞ «ለጊዜው ይጠብቁ» የሚል ሆኖ ይገኛል። አዋቂው ቢያንስ ምን እንደሚጠብቅ ያውቃል። ልጁ የሚጠብቀው የወላጆቹን መጠበቅ ነው፤ ሰኞም ረቡዕም ያው ነው። እንዲህ ባለ ኑሮ መሀል አንድ ሰው መጥቶ «ማክሰኞና ሐሙስ፣ 10 ሰዓት ላይ» ሲለው ልጁ ማክሰኞ የምትባል ቀን አገኘ ማለት ነው። በዚያች ቀን ቢቀር ደግሞ ቦታው ባዶ ሆኖ ይታያል። አሥራ አንድ ሰው በሚጠይቅ ጨዋታ አሥር የሆኑት ዞር ዞር ብለው «የግራ መስመሩ የት ሄደ?» ይላሉ። በየደረሰበት እንደ ተጨማሪ አፍ ሲቆጠር የኖረ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ በመጉደሉ ተቆጠረ።

ይህን ስጽፍ በልቤ ያለችው ከአሜሪካዋ አትላንታ አጠገብ ያለችው ትንሿ ክላርክስተን ናት። የስደተኛ አስፋሪ ድርጅቶች ርካሽ አፓርታማና የሕዝብ መጓጓዣ ስላገኙባት፣ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከብዙ አገር የተሰደዱ ቤተሰቦችን አመጡባት (ዓመቶቹ እዚህም ከዚህ በታችም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከላይቤሪያ፣ ከሱዳን፣ ከቦስኒያ፣ ከኮንጎ፣ ከአፍጋኒስታን የመጡ ሰዎች በአንድ ደረጃ የሚወጡባት፣ በአንድ ደረጃ የሚወርዱባት ከተማ ሆነች። ዮርዳኖስ ውስጥ ተወልዳ አሜሪካ የተማረችውና እዚያው ጥገኝነት ያገኘችው ሉማ ሙፍሌህ በ2004 መንገድ ተሳስታ መኪናዋን ለማዞር አንድ የአፓርታማ ግቢ ገባች፤ እዚያም ልጆች ኳስ ሲጫወቱ አየች። ከዚያ ግቢ የተነሣው፣ እሷ ያሠለጠነችው ቡድን ስሙ «ፊውጂስ» ሆነ፤ ስደተኛ ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የተቆረጠ ስም ነው። ብዙዎች እንደ ስድብ የሚወረውሩትን ቃል ልጆቹ ደረታቸው ላይ ለጠፉት።

ቡድኑን የተለየ ያደረገው ግን መግቢያው ላይ የተቀመጠው ውል ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች ይፈርማል፤ ሰዓት አከብራለሁ፣ አሠልጣኜን እሰማለሁ፣ አላጨስም፣ አልጠጣም፣ ጸያፍ ቃል አልናገርም፣ ፀጉሬ ከአሠልጣኜ ፀጉር አይረዝምም። ጥናትም ግዴታ ነው፤ ከጥናቱ የቀረ ልጅ ጨዋታም ይቀርበታል። አንድ ጊዜም የታላላቆቹ ቡድን ሕጉን መናቅ ሲያበዛ፣ የውድድሩ ዘመን ሳያልቅ ሙፍሌህ ቡድኑን በትናው እንደገና ከተጫዋች ምርጫ ጀምራለች። የፀጉሩ ሕግ እውነቱን ለመናገር እኔን አልጣመኝም፤ ከአገሩ ይዞት የመጣው ነገር ፀጉሩ ብቻ ሊሆን ይችላል። በውሉ ውስጥ የገባች አንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር ግን ሌላውን ሁሉ ታስታርቀኛለች፤ «እርዳታ እጠይቃለሁ» ትላለች። እርዳታ መጠየቅን ከሰዓት ማክበር ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ግዴታ አድርጎ ማስፈረም የልጆችን ኩራት የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው።

አሁን ወደ ርእሴ ልምጣ። ለስደተኛ ልጅ ከንፈር የሚመጥለት ሰው ሞልቷል። የቤት ሥራውን ሳይሠራ ሲመጣ «ብዙ ያየ ልጅ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ሲያረፍድ ይታለፋል፤ ጓደኛውን ሲመታም ይታለፋል። የሚያልፈው ሰው በቀና ልብ ነው፤ እኔም በቦታው ብሆን ምናልባት እንዲሁ አደርግ ነበር። ነገር ግን እያለፉ እያለፉ ልጁ ከክፍል ወደ ክፍል ይዛወርና አንድ ቀን ማንበብ አለመቻሉ ይታወቃል። ሙፍሌህ በተጫዋቾቿ ላይ ያየችው ይህንኑ ነው። ትምህርት ቤት ገብተው፣ በዕድሜያቸው ልክ ክፍል ተሰጥቷቸው፣ የማንበብ ችሎታቸው ግን ባዶ ነበር። ነገሩ ውሎ አድሮ ለስደተኛ ልጆች ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት እስከማቋቋም አድርሷታል።

የቤት ልጅን ይቆጡታል፤ እንግዳን ግን ማን ይቆጣል? ለእንግዳ ወንበር ይለቀቅለታል፣ ጥፋቱም በፈገግታ ይዋጥለታል። ልጁ ይህን ያውቃል። አስተያየት ሲደረግለት አሁንም እንግዳ መሆኑ ነው የሚነገረው። አሠልጣኙ ሌላውን ልጅ በሚቆጣበት ድምፅ እሱንም የተቆጣው ቀን፣ ለሌላው የሰጠውን ሁለት ዙር ሩጫ ለእሱም የሰጠው ቀን፣ ልጁ አኩርፎ ይሮጣል፤ ሲሮጥ ግን አጠገቡ የአገሬው ልጅ አብሮት እየሮጠ ነው፣ በዚያው ጥፋት፣ በዚያው ቅጣት። ባልተወለደበት አገር ውስጥ እኩልነትን በእግሩ የቆጠረው እዚያ ነው። ሥርዓት የሚባለውን ነገር ብዙዎች የአባልነት ዋጋ አድርገው ያስቡታል፤ መጀመሪያ ታዘዝ፣ ከዚያ ከእኛ ትሆናለህ እንደማለት። እኔ ግን ከእኛ ነህ ማለት ራሱ ሥርዓቱ ነው ብዬ አምናለሁ።

እዚህ ላይ የሚነሣ፣ በቀላሉ የማይገፋ ተቃውሞ አለ። ትዕዛዝ ከሚያዝዙ፣ ከሚጮኹና ከሚያሰልፉ ሰዎች ሸሽቶ የመጣን ልጅ ፊሽካ የያዘ ሰው እንዲጮኽበትና እንዲያሰልፈው ማድረግ ምን ይሉታል? አንዳንዱ ልጅ ፊሽካ ሲሰማ የሚደነግጠው በምክንያት ነው። አሠልጣኝ የሚባል ሰውም ሁሉ ቅን አይደለም። ወላጅ ባልተሟላበት ቤት፣ ማሊያና ጫማ በአንድ ሰው እጅ ባለበት ቡድን ውስጥ፣ ልጁ ቅሬታውን ለማን ይናገራል? ስለዚህ ጥብቅነትን ሳወድስ ሁለት ነገር አስቀድሜ እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ሕጉ ቀድሞ የታወቀና የተጻፈ ይሁን፤ አሠልጣኙንም ይሰር። 10 ሰዓት ያለ አሠልጣኝ 10 ሰዓት ላይ ይገኝ። ጠመንጃ ያዡ ሰው የሚያስፈራው ነገ የሚያዝዘው ከዛሬው ስለሚለይ ነው፤ ልጁ ሊገምተው አይችልም። የሜዳው ሕግ ግን ማክሰኞም ሐሙስም አንድ ነው። ሁለተኛ፣ ከቅጣቱ በፊት ጥያቄ ይቅደም። ያረፈደው ልጅ ለእናቱ ሐኪም ቤት ሲያስተረጉም ቆይቶ ሊሆን ይችላል። ልጆች ከወላጅ ቀድመው ቋንቋውን ስለሚለምዱ በቤቱ ውስጥ ጸሐፊ፣ አስተርጓሚ፣ ጉዳይ አስፈጻሚ የሚሆኑት እነሱ ናቸው። ይህን ሳይጠይቁ የሚቀጡ ሰዎች በሕይወቱ ሞልተዋል፤ አንድ ተጨማሪ አያስፈልገውም።

ብዙ ሰው የማያየው ሌላ አጥር ደግሞ ወረቀት ነው። የታዳጊዎች እግር ኳስ በዕድሜ የተከፋፈለ ነው፤ ዕድሜ ደግሞ ሰነድ ይጠይቃል። የልደት ሰነዱ ከቤቱ ጋር የተቃጠለበት ወይም ከመጀመሪያው ያልነበረው ስደተኛ፣ መዝጋቢው ዓመቱን ገምቶ ቀኑን ጃንዋሪ 1 አድርጎ ይሞላለታል። ስንት ሺህ ሰው ነው በአንድ ቀን የተወለደው! የዕድሜ ክልሉ በዓመት በሚቆረጥበት ውድድር ደግሞ ጃንዋሪ 1 የተወለደ ልጅ በወረቀት ከእኩዮቹ ሁሉ ታላቅ ነው። ትከሻው ትንሽ ሰፋ ካለ የተጋጣሚው ወላጆች ከዳር ሆነው «ይህ ልጅ አይደለም» ይሉታል። ፊፋ ራሱ ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ከአገር አገር እንዳይዘዋወር የሚከለክለው ልጆችን ከነጋዴ ለመጠበቅ ነው፤ ሕጉ ደግ ሕግ ነው። ልዩ ሁኔታ ብሎ ካስቀመጣቸው ዋነኛው ወላጆች ከእግር ኳስ ጋር በማይገናኝ ምክንያት አገር ሲለውጡ ነው። ወላጁን መንገድ ላይ ያጣ ልጅስ? ሕይወቱ ወይም ነፃነቱ አደጋ ላይ ወድቆ ያለ ወላጅ ለተሰደደ ልጅ የሚሆን አንቀጽ በደንቡ ውስጥ በግልጽ የገባው በቅርብ ዓመታት ነው።

ስለ ከዋክብቱ ባልናገር ቅር የሚለው አንባቢ ይኖራል። አልፎንሶ ዴቪስ ከላይቤሪያ ጦርነት ከሸሹ ወላጆች ጋና ውስጥ በሚገኘው የቡዱቡራም መጠለያ በ2000 ተወለደ፤ በአምስት ዓመቱ ካናዳ ገባ። በ2020 ከባየርን ሙኒክ ጋር የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግን አነሣ። በ2022 የዓለም ዋንጫ ክሮኤሺያ ላይ ገና በሁለተኛው ደቂቃ ያገባት ግብ ካናዳ በወንዶች የዓለም ዋንጫ ያገባቻት የመጀመሪያዋ ናት። ታሪኩ ሲነገር ሁሉም ስለ ፍጥነቱ ያወራል። እኔን የሚስበኝ ግን ኤድመንተን ከተማ ውስጥ የተጫወተበት ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሚካሄድ ነፃ ውድድር ነው። የተቋቋመው ለምዝገባ የሚከፍሉት፣ ወደ ሜዳ የሚወስዳቸውም ለሌላቸው ልጆች ነበር። ክፍያና አውቶቡስ፤ ነገሩ ይኸው ነው። በአብዛኛው ከተማ ስደተኛውን ልጅ ከሜዳ የሚያስቀረው የችሎታ ማነስ ሳይሆን የእነዚህ የሁለቱ መታጣት ነው።

አወር ማቢል ደግሞ ከደቡብ ሱዳን ቤተሰብ ኬንያ ካኩማ መጠለያ ተወልዶ በልጅነቱ አውስትራሊያ ገባ። በሰኔ 2022 አውስትራሊያ ከፔሩ ጋር በመለያ ምት ስትፋለም አንዱን ምት አገባ፤ አገሩም ለዓለም ዋንጫ አለፈች። በኋላ ሲናገር፣ ያቺ ግብ በቤተሰቡ ስም አውስትራሊያን የሚያመሰግንበት ብቸኛ መንገድ እንደነበረች ገልጿል። ንግግሩ ልብ ይነካል፤ እኔ ግን ሳነበው ትንሽ ከበደኝ። ኳሷ ቋሚውን ገጭታ ብትመለስ ኖሮ ምስጋናው ባልደረሰ ነበር ማለት ነው? ለብሔራዊ ቡድን የሚጫወት ሰው እንዲህ ቢያስብ አልፈርድበትም። የሠፈር ታዳጊ ቡድን ውበቱ ግን እዚህ ላይ ነው። ፍጹም ቅጣት ምት የሳተው ልጅ በሚቀጥለው ማክሰኞ 10 ሰዓት ላይ ይጠበቃል፤ ካረፈደም ሁለት ዙር ይሮጣል።

ስለ ልጃገረዶች የምለው አጭር ነው፤ ማጠሩም የነገሩ ምልክት ነው፣ ብዙ ቡድን ስለሌላቸው። ናዲያ ናዲም አባቷን ታሊባን ከገደለው በኋላ ከእናቷና ከእኅቶቿ ጋር ከአፍጋኒስታን ሸሽታ ዴንማርክ ገባች። እግር ኳስን የያዘችው በስደተኞች መጠለያው አጠገብ ልጃገረዶች ሲጫወቱ አይታ ነው። ለዴንማርክ ብሔራዊ ቡድን ለዓመታት ተጫወተች፤ እየተጫወተችም ሕክምና ተምራ ሐኪም ሆነች። መጠለያው አጠገብ የነበሩት ወንዶች ብቻ ቢሆኑስ? ስደተኛ ቤት ውስጥ ታናናሾቹን የምትጠብቀው ልጃገረዷ ናት። ሴት ተጫዋች የሚፈልግ አሠልጣኝ ኳስ ከመያዙ በፊት ቤት ድረስ ሄዶ እናቲቱን ማነጋገር ይኖርበታል፤ ታናሿንም ሜዳ ዳር የምታስቀምጥበት ቦታ ማዘጋጀት አለበት።

ወደ ክላርክስተን ልመለስና ላብቃ። ፊውጂስ ለረጅም ጊዜ የሚለማመዱት ሣር በሌለውና የጠርሙስ ስባሪ በማይጠፋበት ሜዳ ላይ ነበር። በከተማው መናፈሻ ውስጥ ግን ያማረ ሣር ያለው ሜዳ ነበር። በ2006 የከተማው ከንቲባ ያ ሜዳ ለቤዝቦል እንጂ ለእንዲህ ያለ ኳስ አልተሠራም ብለው በሩን ዘጉት። ውሉን የፈረሙት፣ ፀጉራቸውን የተቆረጡት፣ ጥናታቸውን ጨርሰው በሰዓቱ የተገኙት ልጆች ሜዳውን ከአጥር ውጭ አዩት። ጉዳዩ ከከተማዋ ወጥቶ መነጋገሪያ ከመሆኑ በፊት አሠልጣኟ የከተማው ምክር ቤት ፊት ቀርባ ጠየቀች። ምክር ቤቱም ተስማምቶ እንዲጠቀሙበት ፈቀደላቸው፤ ለጥቂት ወራት።