ይድረስ ለእንግሊዝኛው ግስ ለአቶ «ኖክ ኦፍ» (knock off)፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ቋሚ ትርጉም እንዲይዙ ስለመጠየቅ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ የጅማ ሰዎች፣ ከእርስዎ በቀር የሚያስጨንቀን የለም፣ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን።

አባትዎ «ኖክ» ጨዋ ግስ ናቸው፤ በር አንኳኩተው፣ «ይግቡ» ሲባሉ ነው የሚገቡት። እርስዎ ግን «ኦፍ» የምትባለዋን ኩታራ ካስከተሉ ወዲህ ሳያንኳኩ የሚገቡ ሆነዋል። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በእንግሊዝኛ «ሥራ ማቆም» በሚለው ትርጉም ማገልገልዎን፣ ሠራተኛው ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ዕቃውን ሰብስቦ ሲወጣ ስምዎ መነሣቱን ማንም አይቃወምም። ነገር ግን በዚህ ሳይወሰኑ ዋጋ መቀነስን፣ በጥድፊያ ሠርቶ መገላገልን፣ የሰው ሥራ አስመስሎ መቅዳትን፣ በአራዶቹ አፍ ደግሞ መስረቅንና፣ እግዜር ያውጣን፣ ነፍስ ማጥፋትን ጠቅልለው መያዝዎ በእኛ አገር ቢሆን ያስከስስዎ ነበር።

በሂርማታ ገበያ አንድ የውጭ አገር እንግዳ ባለሦስት እግር በርጩማ ወድዶ፣ 200 ብር እንዲቀነስለት ሲለማመጥ ስምዎን ጠራ። አስተርጓሚ ነኝ ያለው ጎረምሳ እርስዎን የሚያውቅዎ በቅጂ ዕቃ ብቻ ነበርና፣ «አባባ፣ ፎርጅድ ስለሆነ 200 ብር ነው የሚያወጣው እያለ ነው» ብሎ አረፈው። ሽማግሌው ከአንድ ግንድ የፈለፈሉትን በርጩማ ገልብጠው፣ «ልጄ፣ እስቲ መጋጠሚያ ፈልግልኝ፤ ካገኘህ በነፃ ይውሰደው» አሉ። እንግዳው ቅናሹ የተፈቀደለት መስሎት እጅ ነሣ።

ተውላጠ ስም ሲመጣ ደግሞ ጠባይዎ ይብሳል። «ኖክ ኦፍ ኢት» ማለት ነውር ነው፤ «ኢት» የግድ መካከል መግባት አለበት። ገብቶም «ኖክ ኢት ኦፍ!» ሲባል፣ ብዙውን ጊዜ «ተው፣ አቁም!» የሚል ቁጣ ይሆናል። ምስኪኑ ተማሪ ስድስቱን ትርጉም ሸምድዶ ሲጨርስ ሰባተኛው በዚህ በኩል ይቀበለዋል።

ስለሆነም ከሰባቱ አንዱን መርጠው ቀሪዎቹን ሥራ ፈት ለሆኑ ግሶች በርክክብ እንዲለቁ፣ ይህ ባይቻል እንኳ ቦታዎ የጓደኛ ጨዋታ እንጂ የሥራ ማመልከቻና የመመረቂያ ጽሑፍ አለመሆኑን ተገንዝበው ከዚያ እንዲርቁ በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦ ለወ/ሮ «ፑት አፕ ዊዝ»፣ ምላሹ እስኪመጣ በትርጉማቸው መሠረት እንድንታገሥ።