መኖ የሚመዘነው በክፉው ዓመት ነው

ድሬም ሐረርም ስለ መኖ ወሬ ከተነሳ መጀመሪያ ሚጠራው አልፋልፋ ነው፣ በተለይ የሌማት ትሩፋት በ2015 ከተጀመረ ወዲህ ወተት በተባለ ቁጥር አልፋልፋ ዝሩ ሚል ምክር ይከተላል። ጥሩ መኖ ነው፣ አልክድም። ግን ምክሩ ሚመጣው ውሃ በጠገበ ማሳ ላይ ከተለካ ምርት ነው፣ እኔን ሚያሳስበኝ ደግሞ በልግ በቀረበት ዓመት ከብቱ ፊት ምን ይቀርባል ሚለው ነው።

አልፋልፋ ሥሩ ሜትሮች ወደ ታች ስለሚወርድ ድርቅ ይችላል ይባላል፣ እውነትም ቶሎ አይሞትም፣ ግን ውሃ ሲያጣ እድገቱን ያቆማል፣ ያኔ ሚታጨድ ነገር የለም። ቶሎ ቶሎ ልጨደው ካላችሁ ማጠጣት ግድ ነው፣ ድሬ ደግሞ ራሷ ምትጠጣው የጉድጓድ ውሃ ነው። የጓሮ ውሃ ያለው ሰው ይትከል፣ ከዝናብ ሌላ ለሌለው ገበሬ ግን ሌላ ነገር እንንገረው።

የኛ ገበሬ መሬቱ ጠባብ ነው፣ ከዛ ላይ ጫቱ የራሱን ወስዷል፣ ለመኖ ብሎ ለብቻው ሚለቀው ቦታ ከየት ያመጣል? የሐረር ሰንጋ እኮ በግጦሽ አይደለም ሚደልበው፣ ደጅ ታስሮ ማሽላው ሲሳሳ የተነቀለው፣ ቅጠሉ፣ ኋላም አገዳው በእጅ እየቀረበለት ነው። ትልቅ እውቀት ነው ይሄ። ድርቅ ሲመጣ ግን እዚሁ ላይ አደጋ አለ። ከደንገጎ ተራራ በታች ቆላው ላይ ዝናብ ሲጠፋ ማሽላው ጉልበት ሳይደርስ ይቆምና ቅጠሉ እንደ ቱቦ ይጠቀለላል፣ ያን ጊዜ ውስጡ ከብት ሲያኝከው ሳያናይድ ሚፈጥር ንጥረ ነገር ይበዛል፣ በተለይ ከድርቁ በኋላ ትንሽ ሲዘንብ እንደገና ያቆጠቆጠው ለጋ በጣም ክፉ ነው፣ የተራበ በሬ ጠግቦ ከበላው ወዲያው ሊወድቅ ይችላል። በደንብ ሲደርቅ መርዙ ይቀንሳል፣ ግን ከብቱ እየጮኸበት ድርቆሽ እስኪሆን ሚጠብቅ ስንት ሰው አለ?

ስለዚህ እኔ ምለው በማሽላው መሃል ላብላብና የላም አተር ሚባሉት የጥራጥሬ መኖዎች ይግቡ። ላብላብን ማሽላው ከፍ ካለ በኋላ፣ ሁለተኛው ኩትኳቶ ላይ መዝራት ነው፣ ቀድሞ ከገባ ይጠመጠምበትና ያንቀዋል። መጀመሪያ ላይ እርጥበት ይፈልጋል፣ አንዴ ሥር ከሰደደ ግን ዝናቡ ቆሞ ማሽላው ከታጨደ በኋላም አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። የላም አተር ደግሞ ቶሎ ደራሽ ነው፣ በሁለት ወር ገደማ ሚታጨድ ቅጠል ይሰጣል፣ በልግ ቀርቶ በክረምት ብቻ ለሚዘራ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ሌሊቱ በጣም ሲሞቅ አበባው ሊረግፍና ፍሬ ሳይቋጥር ሊቀር ይችላል፣ የድሬን ሌሊት ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ግን ለሰው ሚሆነው ፍሬ ቢጠፋ እንኳ ቅጠሉና ሐረጉ ለከብቱ ይተርፋል።

ከአገዳው ጋር ትንሽ ላብላብ ቢቀላቀል እንኳ ሊበቃ ይችላል። የማሽላ አገዳ ፕሮቲኑ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 በመቶ አይበልጥም፣ የከብቱ ጨጓራ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ግን በደንብ እንዲሰሩ ወደ 7 በመቶ ይፈልጋሉ፣ ለዛ ነው አገዳ ብቻ ሚበላ በሬ ሆዱ ሞልቶ ሚከሳው። በደንብ የተያዘ የላብላብ ድርቆሽ 15 በመቶ እና ከዛ በላይ አለው። ጥላ ላይ ይድረቅ እንጂ፣ ፀሐይ ላይ ከቆየ ቅጠሉ ይረግፍና እንጨቱ ይቀራል፣ ፕሮቲኑ ያለው ደግሞ ቅጠሉ ላይ ነው።

ላብላብ ጥራጥሬ ስለሆነ ሚያስፈልገውን ናይትሮጅን ራሱ ከአየር ያመጣል ሚባለውንም በጭፍን አንመን። ድርቅ ሲጠና ቅጠሉ ገና ደህና መስሎ ሳለ ናይትሮጅኑ ሚሠራባቸው ሥሩ ላይ ያሉት ትናንሽ እባጮች ሥራ ይቀንሳሉ። አንድ ተክል ነቅላችሁ እባጩን በጥፍር ሰንጥቁት፣ ውስጡ ቀላ ወይ ሮዝ ካለ እየሰራ ነው፣ አረንጓዴ ወይ ግራጫ ከሆነ ቆሟል።

ጎርፉም አለ፣ ሐምሌ 1998 የደቻቱ ወንዝ ያደረገውን ድሬ ውስጥ ሚረሳ የለም። ውሃ ሚተኛበት ቦታ ላይ አልፋልፋም ላብላብም ሥራቸው ይበሰብሳል፣ እዛ ሰስባንያ ሚባለው የመኖ ዛፍ ይሻላል። ወደ ቀርሳና ሀረማያ ደጋው ደግሞ ቬች ሚባለው የጥራጥሬ መኖ ከአጃ ጋር ይስማማዋል፣ ድሬ ቆላ ላይ ግን ሙቀቱን አይችለውም። አቦ፣ አንድ ዘር ይዞ ከደጋ እስከ ቆላ መዞር ይቅር!

ዋናው ችግር የዘር ነው። አዲስ አበባ ያለው ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም የመኖ ዘር ባንክ አለው፣ ሀረማያ ዩኒቨርሲቲና ፈዲስ ምርምር ማዕከልም አጠገባችን ናቸው፣ ገበሬው ግን ላብላብ ልዝራ ሲል እንደ ማሽላ ዘር ከጎረቤት አያገኘውም። ዝርያ ሲወጣ ከፍተኛው ምርት ብቻ ሳይሆን ዝናብ ባጠረበት ዓመት የሰጠውም አብሮ ይነገረን። ዘሩን ደግሞ ማኅበራት ያባዙት፣ ላብላብ ያለው ሰውም የማሳውን አንድ ዳር ሳያጭድ ለዘር ይተወው፣ ለሚቀጥለው ዓመት ለራሱም ለጎረቤቱም ይበቃል።