ፍየሏ መንገድ ላይ ብትሞትስ?

ሰሞኑን ሦስት ሰዎች ለሶማሌ ክልል ከወለድ ነፃ ብድር ይዘጋጅ በሚለው ሐሳብ ሲከራከሩ አብሬያቸው ተቀምጬ ነበር። አንዱ የባንክ ሰው ነው። ሌላው ሶማሌ ክልል በልማት ፕሮጀክት ብዙ ዓመት ሠርቷል። ሦስተኛዋ ጅግጅጋ ተወልዳ ያደገች፣ አሁን አዲስ አበባ የምትነግድ ሴት ናት።

ነገሩን የቆሰቆሰው የባንኩ ሰው ነው። «ገንዘብ ሃይማኖት የለውም» አለ። ሕገ መንግሥቱ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል፤ ታዲያ ለአንድ ክልል ለብቻው የብድር ዓይነት የምናዘጋጀው ለምንድን ነው? ነገ ሌላውም የኔም ይለይልኝ ቢልስ?

የፕሮጀክቱ ሰው አላስጨረሰውም። «አንተ ቢሮ ሆነህ ነው የምታወራው። ከመቶ 98ቱ ሙስሊም የሆነበት ክልል ወለድ ያለው ብድር ይዘን ሄድን። ገንዘቡ መጣ፣ ሥልጠና ተሰጠ፣ አበል ተበላ። ተበዳሪ ጠፋ! ሪፖርቱ ላይ ምን ተብሎ ተጻፈ መሰለህ? የግንዛቤ እጥረት።»

«ግንዛቤማ ሞልቷል» አለች ሴትየዋ እየሳቀች። ሰዎቹ ወለድ በሃይማኖታቸው ሐራም መሆኑን አሳምረው ያውቃሉ፣ ስለዚህ አልመጡም። ዱቤ ግን ያውቃሉ። እናቷ የግመል ወተት ነጋዴ ነበሩ። ጠዋት ወተቱን በዱቤ ይቀበላሉ፣ ሸጠው ማታ ይከፍላሉ። ቆጠብ ያደረጓትን ደግሞ ሃግባድ ላይ ይጥሏታል፣ እኛ እቁብ የምንለው ማለት ነው። ለዚህ ሁሉ አሠልጣኝ አልመጣላቸውም።

የባንኩ ሰው መልስ ነበረው። ብሔራዊ ባንክ በ2004 ዓ.ም. መደበኛ ባንኮች ከወለድ ነፃ አገልግሎት በተለየ መስኮት እንዲሰጡ መመሪያ አወጣ። በ2011 ራሱን የቻለ ከወለድ ነፃ ባንክ ማቋቋም ተፈቀደ፣ በ2013 ዘምዘም ባንክ ሥራ ጀመረ። ግመልና ፍየልም በአዋጅ 1147/2011 ማስያዣ መሆን ይችላሉ። «ከዚህ በላይ ምን ይደረግ?»

ክርክሩ የጦፈው እዚህ ጋ ነው። ሴትየዋ ከወለድ ነፃ ባንኮች ወለድ ያለውን ብድር ስለሚተኩበት ሙራባሃ ስለሚባለው ውል ጠየቀችው። በሙራባሃ ባንኩ ብር አያበድርም። ዕቃውን ራሱ ገዝቶ፣ የገዛበትንና ትርፉን ተናግሮ፣ ለደንበኛው በዱቤ ይሸጣል። «እሺ፣ አሥር ፍየል ፈለግሁ እንበል። ባንኩ ገበያ ወርዶ ገዛልኝ። አንዷ እኔ ጋ ሳትደርስ መንገድ ላይ ብትሞትስ? የማን ናት?»

«የባንኩ» አለ፣ ትንሽ ዘግየት ብሎ። ቀጥሎ ግን እውነቱን አፍረጠረጠው። ባንኩ ፍየል ሲነዳ አይውልም። ደንበኛዋ ራሷ ወኪል ሆና እንድትገዛ ይደረጋል፤ እሷ ደረሰኝ ታመጣለች፣ እሱ ይፈርማል።

«አየህ!» አለች። «ፍየሏ ከሞተች የኔ ናት። ባንኩ ኪሳራውን ሳይሸከም ትርፉን ከወሰደ፣ ወለዱ ስሙን ቀይሮ መጣ እንጂ መቼ ቀረ?»

የፕሮጀክቱ ሰው መላ አለኝ አለ። የብድሩ ዕቅድ ሳይወጣ በፊት ሽማግሌዎችና ሼኮች ይሰብሰቡ፣ ይመካከሩበት። ደግሞ የሚሆን ነገር ነው፤ ከድንበር ማዶ፣ ኬንያ ዋጂር ውስጥ፣ በ2006 ዓ.ም. በሸሪዓ የተቃኘ የከብት መድን ለአርብቶ አደሮች የድርቅ ካሳ ከፍሏል።

እኔ ለሴትየዋ አደላለሁ። ሆኖም የምክክሩን ሐሳብ እንዲሁ አልቀበለውም። ስብሰባ ሲጠራ የሚመጡት ብዙ ግመል ያላቸው ወንዶች ናቸው፤ ወተት ሻጮቹ በዚያ ሰዓት ገበያ ናቸው። ባህሉን ጠየቅን ብለን የባለሀብቱን ፍላጎት ይዘን እንመለሳለን። ሼኩ ውሉ ሐላል መሆኑን ይንገሩን፣ ጥሩ ነው። ብድሩ ለምን እንደሚፈለግና መቼ እንደሚከፈል ግን የምታውቀው ነጋዴዋ ናት።

የባንኩ ሰውም አንድ ነገር ላይ ልክ ነው። የፍየሏን ሞት ባንኩ ከተሸከመ ወጪ አለው፣ ወጪው ትርፉ ላይ ይጨመራል። ይህን ደብቆ «ለባህላችሁ ስንል ያዘጋጀነው» ማለት ሽንገላ ነው። እኔ ብሆን ውሉ ላይ በግልጽ እንዲጻፍ የምፈልገው ፍየሎቹ እጇ እስኪገቡ ኪሳራው የባንኩ መሆኑን ነው። ለዚያ ሲባል ዋጋው ከፍ ቢል ቁጭ ብላ ትከራከራቸው። ዋጋ መከራከር ለወተት ነጋዴ ብርቋ አይደለም።