ጋጋሪን «እግዚአብሔርን አላየሁም» አላለም

ወንድሜ፣ ከሰው ልጅ ቀድሞ ጠፈር የወጣው የሶቭየት ኅብረቱ ዩሪ ጋጋሪን «ሰማይ ወጣሁ፣ እግዚአብሔርን ግን አላየሁም» አለ ያልከውን እኔም ስብከት ላይ ስሰማው ነው ያደግሁት። ግን የሱ ቃል አይደለም። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 12 ቀን 1961 በበረረ ጊዜ ከምድር ጋር ያደረገው ንግግር በጽሑፍ አለ፤ እንዲህ ያለ ነገር የለበትም። ነገሩን ለፀረ ሃይማኖት ቅስቀሳ ያነሳው የዚያን ጊዜው የሶቭየት ኅብረት መሪ ክሩሽቼቭ ነው።

ጋጋሪን ራሱማ የ27 ዓመት ተዋጊ አብራሪ፣ የሁለት ሴት ልጆች አባት ነበር፤ ታናሿ ጋሊና ገና የአንድ ወር ጨቅላ። ከበረራው 2 ቀን ቀደም ብሎ ለሚስቱ ለቫለንቲና ደብዳቤ ጻፈላት፦ ምናልባት ካልተመለስኩ በሐዘን ራስሽን አትጉጂ፣ ልጆቹንም የእናት ቅምጥል አድርገሽ ሳይሆን የሕይወት ውጣ ውረድ የማያስፈራቸው ሰዎች አድርገሽ አሳድጊ የሚል። ደብዳቤው እጇ የገባው ግን እ.ኤ.አ. በ1968 በሚግ 15 የጦር አውሮፕላን አደጋ ከሞተ በኋላ ነው።