ግሩፑ ላይ ለጥፈነዋል

100 ብር ተቀጣሁ። ብሩ አይደለም የቆጨኝ። እሺ፣ ብሩም ቆጭቶኛል።

ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ ዳቦ ልገዛ በላይኛው መንገድ ሄጄ በታችኛው ተመለስኩ። የደሴ ማለዳ ነው፤ ጉሙ ከጦሳ ተራራ እየወረደ ይሁን ወደ ጦሳ እየወጣ አይለይም። ከጉሙ መሀል ድንኳን ብቅ አለ። ወቅቱ የሰርግ አይደለም። ጠጋ ስል የሰፈሩ ሰው በሙሉ ጋቢውን ተከናንቦ አግዳሚ ላይ ተደርድሯል። ዳቦ በፌስታል አንጠልጥሎ የቆመ እኔ ብቻ ነኝ።

ዕድሜ የጠገቡ አባት ሌሊት አርፈዋል። አላህ ይዘንላቸው። ከቤቴ ሁለት አጥር አለፍ ብሎ ነው ቤታቸው። ድንኳኑ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተተክሏል። ሁሉም ሰው ቋሚ ይዟል፣ ሸራ ጎትቷል፣ ወንበር ተሸክሟል። እኔ ተኝቻለሁ።

"ምነው ጠፋህ?" አለኝ የቅሬያችን ጸሐፊ። አብሮ አደጌ ነው።

"ማን ነገረኝና?"

"ግሩፑ ላይ ለጥፈነዋል።"

"የትኛው ግሩፕ?"

"ቴሌግራም ነዋ! ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ።"

ስልኬን ከኪሴ አውጥቼ አሳየሁት። ታጣፊ ናት። ክዳን አላት። ስትከፈት ጧ፣ ስትዘጋ ጧ ትላለች። ቴሌግራም የሚባል ነገር ሰምታም አታውቅ።

"ይቺን እስከ ዛሬ አልቀበርካትም?" አለኝ። ለቅሶ ቤት ቆሞ!

ከዚያ ከብብቱ ደብተር አወጣና ከስሜ ትይዩ 100 ብር ጻፈ። ልብ በሉልኝ፤ መርዶው በቴሌግራም፣ ቅጣቱ በደብተር።

ቅሬ ማለት ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። ወሎ ውስጥ ቅሬ ክርስቲያን እስላም አይልም። አንዱ ሲሞት ሌላው ይቆፍራል፣ አንዱ ሲያለቅስ ሌላው ውሃ ያሞቃል። ሥርዓቱም ቀላል ነበር። ጥሩምባ ነፊ ነበረን። ሌሊት ማዕዘኑ ላይ ቆሞ ሲነፋው መጀመሪያ ውሻ ይጮሃል፣ ቀጥሎ ሕፃን ያለቅሳል፣ ከዚያ እኛ እንነሳለን። ማን እንደሞተ፣ ቀብሩ የት እንደሆነ ሦስቴ ይጣራል። ቤታችሁ መብራት ካልበራ ይመጣና በሩን በዱላ ይደበድባል። እንቅልፌ ከባድ መሆኑን ስለሚያውቅ የኔን በር ለብቻው ነበር የሚደበድበው። አንብቦታል፣ አላነበበውም የሚል ምልክት አይጠብቅም። እኔ "ሰማሁ!" ብዬ ካልጮህኩ ከደጄ አይነቃነቅም።

ይሄ ነው መንገር ማለት። ጸሐፊያችን ያደረገው መለጠፍ ነው። አልጋው ላይ ተኝቶ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ፣ በአውራ ጣቱ ለጠፈ። ለጥፎም ተመልሶ ተኛ። ከዚያ በኋላ አለማወቅ የኔ ጥፋት ሆነ።

ሰው ሁሉ ስልክህን ቀይር ይለኛል። ስልኬ ምን አደረገች? ቅዳሜ ቻርጅ ካደረግኳት እስከ ረቡዕ አታስቸግረኝም። ከኪሴ ብትወድቅ የሚደነግጠው ወለሉ ነው። በክረምት ዝናብ ጣቴ ረጥቦም ቁልፏ ይሠራል፤ የነሱ ስክሪን እርጥብ ጣት ሲያይ ይደናበራል። መልእክት መጻፍ ላይ ትንሽ ታስለፋለች፣ አልክድም። በፈረንጅ ፊደል "ሰላም" ለማለት 11 ጊዜ መጫን አለብኝ፤ ለመጀመሪያዋ ፊደል ብቻ 7 ቁጥርን አራት ጊዜ። ግን እኔ ሰላም ያልኩት ሰው በእውነት ሰላም ተብሏል። ደግሞም ክዳኗ። ክዳን ማለት ጨዋታው አለቀ ማለት ነው። ከተናደድክ ጧ አድርገህ ትዘጋለህ። መስታወት ላይ ቀይ ነጥብ በመንካት የተናደደ ሰው አይቼ አላውቅም።

አምና የወንድሜ ልጅ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ስማርት ስልክ አምጥታልኝ ነበር። ልቤ ተነካ፤ እውነቴን ነው። ስከፍተው ገና ሰላም እንኳ ሳይለኝ "እስማማለሁ" የሚል ነገር ልጫን አለኝ።

"በምኑ ነው የምስማማው?" አልኳት።

"ዝም ብለው ይንኩት ጋሼ። ሁሉም ሰው ሳያነብ ነው የሚነካው።"

ኧረ በስመአብ! ልጄ፣ እኔ እኮ ወሎዬ ነኝ። ከደሴ ወደ ወልድያ ስትሄጂ ሐይቅን አልፈሽ ውጫሌን ታገኛለሽ። እዚያ ይስማ ንጉሥ ላይ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከጣልያን ጋር ውል ተፈረመ። 20 አንቀጽ። አሥራ ሰባተኛው በአማርኛው ንጉሡ ከሌላ የአውሮፓ መንግሥት ጋር ሲጻጻፉ ቢፈልጉ በጣልያን በኩል ማድረግ ይችላሉ ይላል። በጣልያንኛው ግን ግዴታቸው ነው። በአንዲት ግስ ጦስ አድዋ ድረስ ተኬደ። ይህ ስልክ ስንት አንቀጽ እንዳለው እንኳ አይናገርም። ጣቴ እስኪዝል ወደ ላይ ብገፋው አላልቅ አለ። ያውም ሁሉም በእንግሊዝኛ። ምኒልክ እንኳ የአማርኛ ቅጂ ነበራቸው!

ውጫሌን ካነሳሁ አይቀር ወረኢሉን ልጨምር። አድዋ ሊዘመት ሲል ምኒልክ የሸዋን ሰው "ወረኢሉ ከተህ ላግኝህ" አሉት። ወረኢሉ የኛው ናት፣ ወሎ። የኛው ራስ ሚካኤልም ፈረሰኞቻቸውን ይዘው አድዋ ደርሰዋል። ምኒልክ በዚያው አዋጅ ለሚቀረው ሰው ምሕረት እንደሌላቸው በማርያም ምለው ተናግረዋል። ቅጣት አለ ማለት ነው። አልቃወምም። ግን መጀመሪያ ነጋሪት አስጎሰሙ! ለጥፌዋለሁ ብለው እንቅልፋቸውን አልተኙም። ይህን ለጸሐፊያችን እዚያው ድንኳኑ ውስጥ ብነግረው "አንተ ደግሞ" ብሎ ፊቱን አዞረ።

ስልኩን መለስኩላት። የወንድሜ ልጅ ስቃ ስቃ "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" አለችኝ። ይህን ተረት ከነስድቡ እወደዋለሁ። ሞኙንና ወረቀቱን አንድ ላይ ያሰረ ሰው ብልህ ነው። ወረቀቱ የያዘውን ባይለቅ ኖሮ አንቀጽ 17ን ማን ያስታውስ ነበር? ሞኙ ግን ሁልጊዜ እኔ መሆን የለብኝም። ከሞኝና ከወረቀት ሌላ የያዘውን የማይለቅ ሦስተኛ ፍጡር አለ፤ የሰው ቻርጀር የተዋሰ ሰው።

ይህን መናገር አልፈለግኩም ነበር። ግን ተነሳ።

ድሮ፣ ታጣፊዋን ከመግዛቴ በፊት፣ ኖኪያ 1100 ነበረኝ። በዓለም ላይ ከ250 ሚሊዮን በላይ የተሸጠችው፣ የእጅ ባትሪ ያላት፣ መብራት ሲጠፋ ቤተሰቡን ሽንት ቤት የምታደርሰው። ያኔ የሰው ቻርጀር ስትጠይቅ "ቀጭን ነው ወፍራም?" ይባል ነበር። የኔ ወፍራም ነው። አንድ ምሽት አንድ አብሮ አደጌ መጣና "ለአንድ ሰዓት ብቻ" ብሎ ወሰደው። አብሮ አደጎቼ ብዙ ናቸው፤ የትኛው እንደሆነ አልናገርም። ዛሬ በቅሬያችን ደብተር የያዘው ሰው ነው። 17 ዓመት ሆነው። በነዚህ 17 ዓመታት ሁለቴ ዳርኩለት፣ አንዴ ቤቱ ሲዘረፍ አደርኩለት፣ እናቱን አብሬው ቀበርኩ። አንድም ቀን ስለ ቻርጀሩ አልተነፈሰም። እርግጥ ዛሬ ቢመልስልኝ የምሰካበት ስልክ የለኝም። ነገሩ የመሰካት አይደለም።

ወደ ድንኳኑ ልመለስ። ዳቦዬን ከአግዳሚው ሥር ሸጎጥ አድርጌ ተቀመጥኩ። አጠገቤ አንድ ወጣት አንገቱን ደፍቷል። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። አንጀቴን በላው። የሟቹ የልጅ ልጅ መሰለኝ። ጀርባውን መታ መታ አድርጌ "አብሽር የኔ ልጅ፣ አብሽር" አልኩት። ቀና ሲል እየሳቀ ነው። ቲክቶክ። አንዲት ድመት ከፍሪጅ ላይ ትወድቃለች። ለኔም አሳየኝ፤ እግዜር ይስጠው። ሳቄ መጣብኝ፤ በጋቢዬ ጫፍ አፈንኩት።

እስከዚህ ድረስ ቀልድ ነው። ቀጥሎ ያየሁት ግን ቀልድ አይደለም። የሟቹ ሴት ልጅ ከኮምቦልቻ ደረሰች። የሀረጎን ዳገት ስትወጣ እያለቀሰች እንደመጣች ታስታውቃለች፤ ዓይኗ አብጧል። ከመኪና ወርዳ መሬት ላይ ተደፋች። ሁለት ሰው ሊያነሳት ሮጠ። አራት ሰው ስልክ አወጣ። አራት! እጃቸውን ከፍ አድርገው፣ አንዱ እንዲያውም ብርሃኑ እንዲስማማው ዞር ብሎ። በስልክ የተያዘ እጅ ሰው አያነሳም። እኔም ዳቦ ይዤ ስገባ ማፈሬ ትዝ አለኝ። ዳቦ ያሳፈረኝን ያህል እነሱን ስልክ ለምን እንደማያሳፍራቸው እስካሁን አልገባኝም። ያቺን ቪዲዮ ማን ነው የሚያያት? ቅዳሜ ማታ ተሰብስበው ነው የሚያዩዋት?

ይቅር፣ ደሜ ፈላ።

ኢንተርኔት የጠፋ ጊዜ ትዝ ይላችኋል? በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ። ለወራት የሁሉም ሰው ስልክ የኔን ስልክ ሆነ። ያውም ከኔ ያነሰ፤ ክዳን የለውማ። ሥራው የቆመበት፣ ባሕር ማዶ ካለ ልጁ ድምፅ የራቀ ብዙ ሰው ነበር፤ ያ የሚያስደስት ነገር አይደለም። እኔ ግን በልቤ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር። አላህም እግዜርም ይቅር ይበሉኝ። ምክንያቱም ጥሩምባው ከቆጥ ወረደ። ጎረቤት ቡና ሲፈላ ልጅ ተልኮ "ኑ ተብላችኋል" ይለን ጀመር። አቦሉ ፎቶ እስኪነሳ አይቀዘቅዝም፤ ቶናውን በሙቁ፣ በረካውን ከነምርቃቱ ጠጣን። ኢንተርኔቱ የተመለሰ ሰሞን ግን ጥሩምባው ወደ ቆጡ፣ ሰዉም ወደ አንገቱ ተመለሰ።

ብቻ ቅጣቱን ከፈልኩ። የያዝኩት ዘዴ ጸሐፊውን እንደሚያበሽቀው ስለማውቅ በታጣፊዋ ከፈልኩ። ቴሌብር ስማርት ስልክ አይጠይቅም። ኮከብ 127 መሰላል ብዬ ደወልኩ፣ ቁጥር በቁጥር መለስኩ፣ 100 ብር ላክሁ። መልእክቱ ወዲያው መጣልኝ። ጧ አድርጌ ዘጋሁ።

ማታ መንገድ ላይ አገኘሁት።

"ልኬልሃለሁ" አልኩት።

"አላየሁትም። የደረሰኙን ፎቶ ግሩፑ ላይ ልቀቀው።"

ስልኬን ከፍቼ መልእክቱን አሳየሁት። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ፣ ስልኬን ከእጄ ወሰደ፣ በራሱ ስልክ ፎቶ አነሳት። ከነክዳኗ። ግሩፑ ላይ ለጠፋት። ወዲያው ስልኩ ትን ትን ትን ይል ጀመር። 23 ሰው ስቋል አለኝ። በዕድሜያቸው ስልኬን የሚያህሉ ሳይቀሩ።

ትዕግሥቴ እዚያ ላይ አለቀ።

"ቻርጀሬስ?" አልኩት።

"የትኛው ቻርጀር?" አለኝ።